ባለ ልዩ ኃይል ወንጀለኞችን በስውር የሚደጉም ባለ ፋብሪካ፦ ገንዘቡ በየት በኩል ቢወጣ ያሳምናል?

ጠመኔ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። 6 ክፍል ያለው፣ እያንዳንዱ ክፍል 22 ገጽ የሆነ የሥዕል ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ባላንጣው የአሉሚኒየም ማቅለጫ ፋብሪካ ባለቤት ነው። በአደባባይ የተከበረ፣ ሆስፒታል የሚረዳ፣ ሪባን ሲቆርጥ የሚታይ ሰው። በጓዳ ግን 3 ባለ ልዩ ኃይል ወንጀለኞችን ይደጉማል። አንደኛው ውኃን በቅጽበት በረዶ ያደርጋል፣ ሁለተኛዋ በማግኔት ኃይል ብረት ታንቀሳቅሳለች፣ ሦስተኛው መኪና ያነሣል። አገሩም ከተማውም ምናባዊ ነው። ፋብሪካው 240 ሴሎች (አሉሚኒየሙ በኤሌክትሪክ የሚመረትባቸው ምድጃዎች) አሉት፣ 200 ኪሎ አምፔር የሚያልፍባቸው።

በአሁኑ ረቂቅ ባለቤቱ ገንዘቡን ከካዝና አውጥቶ በሻንጣ ይሰጣቸዋል። ጀግናዋ ደግሞ የመብራት ሒሳቡን አይታ «ይህ ሁሉ ኃይል የት ገባ?» ብላ ትደርስበታለች። ሥራውን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ይቀበለዋል? ካልተቀበለው ምን ልተካ?

ሌላው የጥቅሙ ነገር ነው። «ሥልጣን ስለሚወድ» የሚለው አይበቃኝም፣ ከዘረፋው ድርሻ ይወስዳል ማለትም ለአንድ ቱጃር ተራ ነገር ሆነብኝ። ደግሞስ አንገቱን ሊጠመዝዙ የሚችሉ ሰዎችን በምን ይዟቸው ይኖራል? መጨረሻው ላይ ቆሞ ምሥጢሩን የሚዘረግፍበት ንግግር እንዲኖር አልፈልግም።

የሒሳብ መዝገብ

ከሻንጣው ልጀምር። አንድ የዶላር ኖት 1 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ 1 ሚሊዮን በባለ 100 ኖት 10 ኪሎ፣ በባለ 20 ኖት 50 ኪሎ ይመዝናል። መሸከሙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው አሉሚኒየም የሚሸጥ ፋብሪካ ጥሬ ገንዘብ የሌለው መሆኑ ነው። ደንበኛው በባንክ ያስገባል፣ ፋብሪካውም ለአቅራቢው በባንክ ይከፍላል፣ ደመወዝም እንደዚያው። ባለቤቱ በድንገት ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ቢጀምር መጀመሪያ የሚያየው ባንኩ ነው። አሜሪካን ብንወስድ ከ10,000 ዶላር በላይ የሆነ የጥሬ ገንዘብ እንቅስቃሴ ሪፖርት ይደረጋል፤ ሪፖርቱን ለማምለጥ ብሎ መጠኑን እየሸራረፉ ማውጣት ደግሞ ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። በታሪክህ ጥሬ ገንዘብ ካለ በመጨረሻው እጅ ላይ ይምጣ፣ ፋብሪካው በር ላይ አይታይ።

ገንዘብ ከድርጅት የሚወጣው የአንድ ነገር ዋጋ መስሎ ነው። ኦዲተር ሲመጣ ሦስት ወረቀት ያመሳክራል፦ የግዢ ትዕዛዙን፣ የዕቃ መረከቢያውን እና የሻጩን ኢንቮይስ። የተገዛው ዕቃ ከሆነ አራተኛ ምስክር አለ፣ በር ላይ ያለው የመኪና ሚዛን። 40 ቶን ገባ የሚል ኢንቮይስ ይዘህ በዚያ ቀን በሚዛኑ ያለፈችው መኪና 20 ቶን የምትጭን ከሆነች ነገሩ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ስለዚህ ብልጥ ሰው ዕቃ ሳይሆን አገልግሎት «ይገዛል»። እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊ «የማማከር አገልግሎት» ብሎ ያልፋል። ማማከር ግን ማንም መርማሪ መጀመሪያ የሚከፍተው ፋይል ነው። የሚያስፈልግህ በእውነት ያለ፣ በየዓመቱ የሚደጋገም፣ ውድ የሆነ፣ ብዛቱን ግን ከጥቂት ሰዎች በቀር የማያውቀው ሥራ ነው። እውነተኛ ሥራ ላይ ጥቂት የሌለ ሥራ መደረብ። ማቅለጫ ውስጥ ይህ ምን እንደሆነ የምድጃ ሰዎች ቢነግሩህ ይሻላል።

የይስሙላ ድርጅቶችን በተመለከተ፦ ስድስትና ሰባት ንብርብር አታድርግ። እያንዳንዱ ንብርብር የራሱን ኮሚሽን ይበላል፣ አፉ የማይታመን አንድ ሰውም ይጨምራል። ሁለት ይበቃል። ጨረታውን በትክክል ያሸነፈ፣ ሠራተኛ ያለው፣ ግብር የሚከፍል ሥራ ተቋራጭ፤ ከሥሩ ደግሞ ከእሱ ንዑስ ሥራ የወሰደ ትንሽ ድርጅት። ቆሻሻው ያለው ትንሹ ጋ ነው። የፋብሪካው ኦዲተር የሚያየው ትልቁን ብቻ ነው።

ትንሹን ድርጅት ለአንባቢ የምታሳብቅበት ነገር ከፈለግህ የኢንቮይስ ቁጥሩን ተጠቀም። በጥር 001፣ በመጋቢት 002፣ በሰኔ 003። ሌላ ደንበኛ ስለሌለው ቁጥሩ አይዘልም። ወይም ፕሮፎርማውን፦ ከሦስት ተወዳዳሪ የመጡ ሦስት ወረቀቶች ላይ ያው የፊደል ግድፈት በያው ቃል ላይ። ለሥዕል ልቦለድ ይህ ጥሩ ነው፣ አንባቢው በዓይኑ ያገኘዋል።

አንድ የምለምንህ ነገር፣ ጀግናዋ የቤንፎርድን ሕግ (የተፈበረኩ ቁጥሮችን ከመነሻ አሃዛቸው የመለየት ዘዴ) እንዳትጠቀም። በተፈጥሮ በሚመጡ ቁጥሮች ውስጥ በ1 የሚጀምሩት 30.1 በመቶ፣ በ9 የሚጀምሩት 4.6 በመቶ ናቸው የሚለው እውነት ነው። ግን በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠር መዝገብ ይፈልጋል፣ ዋጋው በውል ተወስኖ ሁሉም ኢንቮይስ ተመሳሳይ በሆነበት ደግሞ ምንም አይነግርህም። አሁን አሁን ሒሳብ መርማሪ ያለበት ታሪክ ሁሉ ውስጥ እየተወሸቀ ሰለቸ።

ምድጃ ቁጥር 7

የመብራት ሒሳቡን ጣለው። 200 ኪሎ አምፔር የሚያልፍበት ሴል በደህና አያያዝ በቀን 1.5 ቶን ገደማ ይሰጣል፤ 240ው ሲደመር በዓመት 131,000 ቶን አካባቢ ነው። አንድ ሴል 4.2 ቮልት ያህል ይወስዳል። ሴሎቹ በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ በአንድ ላይ 1,000 ቮልት ግድም ይፈልጋሉ። 1,000 ቮልት በ200,000 አምፔር ስታባዛው 200 ሜጋዋት ነው። የባላንጣህ ስውር ላቦራቶሪ ሌት ተቀን 3 ሜጋዋት ቢበላ ከጠቅላላው 1.5 በመቶ ብቻ ሆነ። የሴሎቹ የከረንት ብቃት (ከሚያልፈው ከረንት አሉሚኒየም የሚያወጣው ድርሻ) ከ94 ወደ 92.5 በመቶ ቢወርድ ያንኑ ያህል ልዩነት ይመጣል። «በዚህ ሩብ ዓመት አኖዱ ደህና አልነበረም» ብሎ (አኖድ ከረንቱን ወደ ሴሉ የሚያስገባው ካርቦን ነው) ማለፍ ይችላል፣ ማንም አይጠይቀውም። መብራቱ ለእሱ መደበቂያ ነው እንጂ ለጀግናዋ ማጋለጫ አይሆንም። ትንሽ የማሽን ወርክሾፕ ቢኖረው ኖሮ ቆጣሪው ያጋልጠው ነበር።

«የሒሳብ መዝገብ» የጠየቀው ሥራ ደግሞ አለ፣ የሴል ልባስ፣ ማለትም የውስጥ ሽፋኑን፣ መቀየር። ሴል ማለት የብረት ሣጥን ነው። ወለሉ ካርቦን፣ ከሥሩ እሳት የሚችል ጡብ። በውስጡ ያለው 960 ዲግሪ ገደማ የጋለ ፈሳሽ ካርቦኑን በፍሎራይድ ያጠግበዋል፣ ካርቦኑ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል። የሞቱ ምልክት የብረት መጠን ነው። ቀልጦ የሚወጣው አሉሚኒየም ውስጥ ብረት መጨመር ሲጀምር ፈሳሹ ከታች ያሉትን የብረት ዘንጎች ነክቷል ማለት ነው። ያኔ ሴሉ ይቆማል፣ ይቀዘቅዛል፣ ልባሱ ተቆፍሮ ይወጣል፣ አዲስ ይለበሳል። የአንድ ሴል ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ዓመት ነው። በ6 ዓመት ብታሰላው ከ240ው በዓመት 40 ይታደሳሉ።

ባላንጣህ በዓመት የ48 ሴል ዕድሳት ይክፈል። 8ቱ የሉም። የአንዱ ዋጋ ከ100 ሺህ ዶላር የሚያልፍ ሥራ ስለሆነ የ8ቱ ክፍያ ለሦስት ሰዎች ከበቂ በላይ ነው። ለምን በዛ ቢባል መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ሴሎቹ አርጅተዋል፣ ከረንት ስለጨመርን ዕድሜያቸው አጠረ።» ቦርዱ ያምናል፣ አሳማኝም ነው።

አሁን ደግሞ ማጋለጫው። ተቆፍሮ የወጣው አሮጌ ልባስ ተራ ፍርስራሽ አይደለም። ፍሎራይድና ሳያናይድ አለበት፣ ውኃ ሲነካው ሃይድሮጅንን የመሰሉ የሚቀጣጠሉ ጋዞች ይለቃል። ስለዚህ በአደገኛ ቆሻሻነት ይመዘገባል፤ በአሜሪካው መዝገብ መለያው ኬ088 ነው። ከበሩ ሲወጣ፣ መኪና ላይ ሲሆን፣ ማስወገጃው ሲደርስ የሚፈረምበት ወረቀት አብሮት ይሄዳል። ከአንድ ሴል በአስር የሚቆጠር ቶን ይወጣል። ለታሪክህ 60 ቶን ብለህ ያዝ። 48 ሴል ታደሰ ካልክ 2,880 ቶን ቆሻሻ የሆነ ቦታ መድረስ አለበት። የማስወገጃው መዝገብ ግን 2,400 ይላል። በ20 ቶን መኪና 24 ጉዞ ጎደለ። ጀግናዋ ማንበብ ያለባት ይህን ነው። የሚጎድለው ገንዘቡ አይደለም፣ እሱማ በሥርዓቱ ተከፍሏል፣ ደረሰኝም አለው። የጎደለው ቆሻሻው ነው።

ስለ ጥቅሙ፦ መልሱ እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ነው። ማቅለጫ ለ4 ወይም ለ5 ሰዓት ያህል መብራት ከጠፋበት ሴሎቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ መድረቅ ይጀምራል። ከደረቀ በኋላ እያንዳንዱን ሴል ቆፍሮ አጽድቶ መልሶ ማስነሣት የወራት ሥራ ነው። የተወዳዳሪው ማቅለጫ ኃይል የሚያገኝበት ማከፋፈያ ጣቢያ አጠገብ «የባንክ ዘረፋ» ይካሄድ። መኪና የሚያነሣው ሰው በግርግሩ መሐል አንድ መኪና ትራንስፎርመሩ ላይ ይወርውር። ትልቅ ትራንስፎርመር ሱቅ ገብተህ የምትገዛው ዕቃ አይደለም፣ በትዕዛዝ ተሠርቶ እስኪደርስ ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ከ7 ዘረፋዎች 6ቱ ለሽፋን ናቸው። ወንጀለኞቹ ራሳቸው ዋናው የትኛው እንደሆነ አይወቁ።

ግን ተጠንቀቅ፣ «የዓለም ዋጋ ናረና ከበረ» እንዳትል። ዓለም በዓመት ወደ 70 ሚሊዮን ቶን ያመርታል። 130,000 ቶን የሚያመርት አንድ ፋብሪካ ግማሽ ዓመት ቢዘጋ የጎደለው 65,000 ቶን ነው፣ ከሺው አንድ እንኳ አይሞላም። ባላንጣህ የሚፈልገው የተወዳዳሪውን የኃይል ውል ይሁን። አሉሚኒየም ለማምረት ከሚወጣው ወጪ ሲሶው ግድም መብራት ነው። ተወዳዳሪው ሲዘጋ 200 ሜጋዋት ሥራ ፈታ፣ የኃይል ኩባንያው ገዢ አጣ፣ የኛ ሰው በርካሽ የ20 ዓመት ውል ይዞ ቀረበ።

አራት ኬልቪን

በምን ይይዛቸዋል ላለው። ውል ማሰር አይችልም፣ ፍርድ ቤት ሄዶ «ዘራፊዬ ሥራውን አልሠራልኝም» አይልም። ዛቻም ዋጋ የለውም፣ የሚዛትባቸው ሰዎች ጥይት የማይፈሩ ናቸው። የሚቀረው ከእሱ በቀር ማንም የማያቀርበው፣ ተጠራቅሞ የማይቀመጥ ነገር ነው።

የማግኔቷ ሴት ኃይል ከምትለብሰው ጥቅል ሽቦ የሚመጣ ይሁን፣ ሽቦው ደግሞ በፈሳሽ ሄሊየም የሚቀዘቅዝ። ፈሳሽ ሄሊየም በ4.2 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ይፈላል። የቱንም ያህል ጥሩ ዕቃ ውስጥ ብታስቀምጠው ቀስ እያለ ይተንናል፤ 1 ሊትሩ ወደ 750 ሊትር ጋዝ ይሆናል። በርሜል ሰርቃ ደብቃ ልታኖረው አትችልም። በየወሩ ካልመጣላት ተራ ሰው ናት።

ይኸው ገመድ ዱካም ነው። ማቅለጫ አርጎንና ናይትሮጅን ቢገዛ ማንም አይገረምም፣ የቀለጠ አሉሚኒየም ውስጥ ያለውን ጋዝ ለማውጣት ይጠቀሙበታል። ሄሊየም ቢገዛ ግን ጋዝ ሻጩ ራሱ ይጠይቃል። ሆስፒታል ይረዳል አላልክም? ኤምአርአይ ማሽን ይለግስ። የኤምአርአይ ማግኔት በሄሊየም ነው የሚቀዘቅዘው፣ ስለዚህ በሆስፒታሉ ስም ሄሊየም መምጣቱ ያለ ነገር ነው፣ ወጪውን ደግሞ በጎ አድራጎቱ ይሸፍናል። ስህተቱ ይህ ይሁን፦ ዘመናዊዎቹ ማሽኖች የሚተነውን ጋዝ መልሰው ፈሳሽ ያደርጉታል፣ አንዴ ከ1,500 እስከ 2,000 ሊትር ከተሞሉ በኋላ ለዓመታት ጭማሪ ላይፈልጉ ይችላሉ። አዲስ ማሽን ተተክሎ በየወሩ ሄሊየም የሚጫን ከሆነ የሆነ ሰው እየጠጣው ነው።

ስለ ኃይላቸውም ትንሽ። መኪና ማንሣት በኃይል መጠን ሲታይ ርካሽ ነው። 1,500 ኪሎ መኪና 10 ሜትር ከፍ ለማድረግ 147,000 ጁል ይበቃል፣ 35 ኪሎ ካሎሪ ማለት ነው፣ ግማሽ ሙዝ አይሞላም። ከባዱ ፍጥነቱ ነው፤ በ1 ሴኮንድ ካነሣው 147 ኪሎዋት፣ ወደ 200 የፈረስ ጉልበት። ስለዚህ እሱን የሚያስፈልገው ነዳጅ ሳይሆን አጥንቱና መገጣጠሚያው እንዳይበተን የሚያግዝ ነገር ነው።

በረዶ ሠሪው ተቃራኒው ነው። 20 ዲግሪ የሆነ 1 ኪዩቢክ ሜትር ውኃ በረዶ ለማድረግ 418 ሚሊዮን ጁል ሙቀት፣ ማለትም 116 ኪሎዋት ሰዓት፣ ከውኃው መውጣት አለበት። የወጣው ሙቀት የሆነ ቦታ ይሄዳል፣ አይጠፋም። 160 ኪሎ ያህል ውኃ ወደ እንፋሎት ለመቀየር የሚበቃ ነው። እሱ በረዶ በሠራ ቁጥር ከጀርባው ነጭ ደመና ይነሣ። ሠዓሊህ ይወደዋል፣ ታሪኩም ወሰን ያገኛል፦ ሙቀቱን የሚጥልበት ቦታ በሌለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ራሱን ይቀቅላል።

አንድ ነገር ደግሞ። አሉሚኒየም ማግኔት አይስበውም። የባላንጣው ምርት ለራሱ ወንጀለኛ አይታዘዝም። በፍጥነት የሚቀያየር ማግኔት ግን አሉሚኒየም ውስጥ ከረንት እየፈጠረ ሊገፋው ይችላል፣ መሳብ ግን የለም።

ችሎት

ጠያቂው፣ ሕጉን በሚመለከት ሁለት እውነተኛ ጉዳዮች ይጠቅሙዎታል፤ ሁለቱም ኩባንያ የታጠቀ ቡድን የደጎመባቸው ናቸው።

የሙዝ ኩባንያው ቺኪታ እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ጥፋተኝነቱን አምኖ 25 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ከ1997 እስከ 2004 ለኮሎምቢያ ታጣቂዎች ከ100 በሚበልጡ ክፍያዎች 1.7 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቷል። መዝገቡ ላይ የጥበቃ ወጪ ተብሎ ነበር የሰፈረው። የራሱ ጠበቆች አቁሙ ካሉት በኋላም መክፈሉን ቀጥሏል።

ለእርስዎ ታሪክ የበለጠ የሚቀርበው የሲሚንቶ አምራቹ ላፋርዥ ነው። በ2022 በአሜሪካ ጥፋተኝነቱን አምኖ 778 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲከፍል ተወሰነበት። ሰሜን ሶርያ ያለው ፋብሪካው ሥራ እንዳያቆም በ2013 እና 2014 እስላማዊ መንግሥት ነኝ ለሚለው ቡድንና ለኑስራ ግንባር በደላሎች በኩል ይከፍል ነበር። ክፍያው ከተሸጠው ሲሚንቶ መጠን ጋር እስከመያያዝ ደርሷል፤ በምላሹም ቡድኑ ከውጭ የሚገባውን የተወዳዳሪ ሲሚንቶ እንዲያግድ ተፈልጎ ነበር። ሥራ አስፈጻሚዎቹ የግል ኢሜይል ይጠቀሙ ነበር፣ ደላሎቹም በሌላ ስም ኢንቮይስ እንዲያዘጋጁ ይደረግ ነበር። «ምድጃ ቁጥር 7» ያሉት የተወዳዳሪን ፋብሪካ ማስመታት እንግዲህ ከእውነታው ብዙም አልራቀም።

ከእነዚህ ሁለት ነገር ይውሰዱ። አንደኛው፣ ቺኪታ ተቀጣ እንጂ በዚያ ክስ አንድም ሥራ አስፈጻሚ እስር ቤት አልገባም። ድርጅት ሲቀጣ ከፋዩ ባለ አክሲዮኑ ነው። ባላንጣዎ በግሉ እንዲጠየቅ ካሰቡ የእሱ ፊርማ ያለበት ወረቀት ያስፈልጋል። ፊርማው «ለዘራፊዎች ይከፈል» በሚል ትዕዛዝ ላይ አይሆንም፣ ያን የሚጽፍ የለም። የ8ቱ ሴሎች ዕድሳት ተጠናቅቋል በሚለው የርክክብ ሰነድ ላይ ይሁን፤ ወይም የፋብሪካው መሐንዲስ አልፈርምም ያለበትንና እሱ ራሱ የፈረመበትን ወረቀት ያግኙለት።

ሁለተኛው፣ እያንዳንዱን ዘረፋ ማወቁን ማስረዳት ግዴታ አይደለም። በብዙ አገር ሕግ ሆን ብሎ አለመጠየቅ እንደ ማወቅ ይቆጠራል። ከዚያም በላይ አቃቤ ሕግ ወደ ወንጀለኞቹ ሳይደርስ ሊይዘው ይችላል። የቺካጎው የወንበዴ አለቃ አል ካፖን በ1931 የተፈረደበት በግድያ ሳይሆን ግብር ባለመክፈል ነው፣ 11 ዓመት። አሜሪካ በ1977 ያወጣችው የውጭ ጉቦ ሕግ ደግሞ አክሲዮኑ ለሕዝብ የሚሸጥ ኩባንያ መዝገቡን በሐሰት መሙላቱን ብቻውን ጥፋት ያደርገዋል። ፋብሪካው አክሲዮን ገበያ ላይ ያለ ከሆነ 48 የሚለው ቁጥር ራሱ ክስ ነው። የቤተሰብ ንብረት ከሆነ ግን ይህ መንገድ አይሠራም፣ ግብሩ ይቀራል፦ የሌለ ወጪ አስመዝግቦ ትርፉን አሳንሷል።

ባዶ ፓነል

ከላይ ያለው ሁሉ ግሩም ነው፣ ግን 132 ገጽ ብቻ እንዳለህ አትርሳ። ካርቦን ልባስ፣ ሄሊየም፣ የኃይል ውል፣ የርክክብ ሰነድ፣ ሁሉንም ካስገባህ መጽሐፉ የሥልጠና ማኑዋል ይሆናል። ለማጋለጫ አንድ ምረጥ። እኔ ብሆን ቆሻሻውን እይዛለሁ፣ በሥዕል ይታያልና፤ ሄሊየሙ የሴትየዋ ገመድ ሆኖ ይቀመጥ እንጂ ሁለተኛ ማስረጃ አታድርገው።

48 የሚለውን ቁጥር ክፍል 1 ላይ ትከለው፣ ማንም ልብ በማይለው ቦታ። ባለቤቱ ጎብኚዎችን ሲያስጎበኝ «ዘንድሮ 48 ሴል አድሰናል» ይበል፣ ከኋላው ግን ትልቅ ነገር ይፈጸም፣ አንባቢው ዓይኑን ወደዚያ ይወርውር። 40ው ክፍል 4 ላይ ይምጣ። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አታስቀምጥለት፣ ራሱ ገልጦ ይመለስ።

የገጽ አገላለጡን ተጠቀምበት። ከግራ ወደ ቀኝ በሚነበብ መጽሐፍ ጎዶሎ ቁጥር ያለው ገጽ በቀኝ ነው፣ ስለዚህ ጥያቄው በጎዶሎው ገጽ መጨረሻ ፓነል (የሥዕል ክፈፍ)፣ መልሱ ተገልጦ በሚመጣው ሙሉ ቁጥር ገጽ የመጀመሪያ ፓነል ላይ ይሁን። በስልክ የሚነበብ ከሆነ ይህ ብልሃት ዋጋ የለውም፣ እዚያ የሚሠራው ረጅም ባዶ ቦታ ነው። ሰነድ ስትስል ሙሉ ገጹን አታሳይ። ጣት፣ አንድ መስመር፣ አንድ ቁጥር። የኛ ፊደል ሲያንስ ቅጥያዎቹ ይደበዝዛሉ፣ መ እና ሙ አይለዩም፤ በኅትመት ከ9 ነጥብ በታች አትውረድ፣ አንድ የንግግር ፊኛ ውስጥም ከ15 ቃል አትለፍ።

ጀግናዋ ደግሞ ኦዲተር አትሁን፣ ኦዲተር የሚያየው የተከፈለውን ነው። የማስወገጃው ሚዛን ቤት ሠራተኛ ትሁን። መኪና የሚመጣው እሷ ጋ ነው፣ ያልመጣውን የምታውቀውም እሷ ናት።

ንግግር አልፈልግም ላልከው፦ ባላንጣው በመጨረሻው ክፍል ዝም ይበል። ጠበቃው ይናገርለት። አቃቤ ሕጓ «እነዚህ 8 ሴሎች የትኞቹ ናቸው?» ብላ ትጠይቅ፣ መልስ የሌለው ፓነል ይከተል።

ጠመኔ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሚዛን ቤቷን ወስጃለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ ይህን ያህል ብልጥ ከሆነ የቆሻሻውን ወረቀትም ለምን አያጭበረብርም? ወይም «ልባሱ መጋዘናችን ውስጥ ነው፣ ገና አልላክነውም» ቢልስ? ደግሞ የመጨረሻው ፍልሚያ ማቅለጫው አዳራሽ ውስጥ እንዲሆን አስቤያለሁ።

ምድጃ ቁጥር 7

ወረቀቱን ለማጭበርበር የማስወገጃውን ሚዛን መያዝ አለበት፣ ሚዛኑ የሌላ ድርጅት ነው። እዚያ ሰው ቢገዛ እንኳ 24 መኪና ባዶውን ማመላለስ ወይም 480 ቶን ሌላ ነገር ጭኖ ማስገባት ይኖርበታል። «መጋዘን ነው ያለው» የሚለው ግን ለ1 ዓመት በደንብ ያስኬዳል፤ አሮጌ ልባስ እርጥበት እንዳይነካው ጣሪያ ሥር ተከማችቶ መቆየቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ ጀግናዋ የአንድ ዓመት ጉድለት ይዛ አትውጣ። የ3 ዓመቱን ትደምር፦ 24 ሴል፣ 1,440 ቶን። ያን የሚይዝ መጋዘን ካለው ይታያል፣ ከሌለው ደግሞ ሄዶ ማየት ነው። ክፍል 5 ላይ ባዶ መጋዘን የሚታይበት ፓነል አገኘህ ማለት ነው።

ለፍልሚያው፦ በአዳራሹ ያለው ማግኔት ከሴሎቹ ከረንት ብቻ ኃይለኛ ነው፣ ልባቸው ላይ ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ) ያላቸው ሰዎች እንዲገቡ አይፈቀድም። የማግኔቷ ሴት እዚያ ስትገባ መቆጣጠር የሚያቅታት የማግኔት መስክ ውስጥ ገባች። በረዶ ሠሪውን ግን ከቀለጠ ብረት አጠገብ ካመጣኸው ምን እንደምታደርግ እወቅ። ውኃ የቀለጠ አሉሚኒየም ሥር ከገባ በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል፣ ብረቱን አዳራሹ ሙሉ ይረጨዋል። በሥራው ላይ ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩት ይህን ነው። በዚያ አዳራሽ እርጥብ መሣሪያ እንኳ ሳይደርቅና ሳይሞቅ ወደ ሴል አይገባም።

የሒሳብ መዝገብ

አንድ ልጨምር፣ አቃቤ ሕጓ «የትኞቹ 8?» ስትል መልስ እንዳይኖረው። ኢንቮይሱ ላይ የሴል ቁጥር መጻፍ ግድ ነው፣ ያለ ቁጥር ተቋራጩ አይከፈለውም። ስለዚህ ሐሰተኞቹ 8 ኢንቮይሶች እውነተኛ የሴል ቁጥር ይዘዋል። ምድጃ ቤቱ ደግሞ የእያንዳንዱን ሴል ዕድሜ በቀን የሚቆጥር የራሱ መዝገብ አለው፣ ሴሉ ታድሶ ሲነሣ ከዜሮ ይጀምራል። ሴል 113 በመጋቢት እንደታደሰ ተከፍሎበታል፣ በምድጃ ቤቱ መዝገብ ግን በሚያዝያ 1 ዕድሜው 1,904 ቀን ነው። ይህ መዝገብ በፈረቃ ኃላፊው እጅ ነው ያለው፣ ለሒሳብ ክፍል አይላክም፣ ባለቤቱም መኖሩን ላያስታውስ ይችላል። ሚዛን ቤቷ ጀግናህ ከፈረቃ ኃላፊው ጋር የምትገናኝበትን ትዕይንት ክፍል 4 ላይ ፈልግለት፤ መኪኖቹን የሚያስጭነው እሱ ስለሆነ ይተዋወቃሉ።